ቆላ ወሎ ላይ ቤት ልትሰሩ ላሰባችሁ፦ ኤሲ የማይፈልግ ቤት ከመሰረት እስከ ጣሪያ

ከሚሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሚሰራ ሰው ብዙ ጊዜ ፕላኑን ከደሴ ነው ሚያመጣው፣ ካልሆነ ከአዲስ አበባ። ዘመድ ሰርቶበታል፣ ያምራል፣ ማዘጋጃ ቤትም ያፀድቀዋል፣ በቃ ይጀመራል። ግን ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከሚሴ ደግሞ 1450 አካባቢ፣ 1000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ስለዚህ ደሴ ላይ የከሰአት ፀሀይ እንዲገባ ተብሎ የተከፈተው ትልቅ የምእራብ መስኮት ከሚሴ ላይ እንዳለ ሲገለበጥ ግንቦት ላይ ሰውን ከሳሎን ያባርራል። በዛ ላይ አየሩ ራሱ እየሞቀ ነው፣ እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 2006 ብቻ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል፣ ዛሬ ምትገነቡት ቤት ደግሞ ልጆቻችሁም ሚኖሩበት ስለሆነ የዘንድሮን ግንቦት ብቻ አስባችሁ አትስሩ።

ይሄ መመሪያ ከ2000 ሜትር በታች ላላችሁ ነው፦ ኮምቦልቻ፣ ሀርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ መርሳ፣ ቆቦ። ደሴ፣ ወረኢሉ፣ ላሊበላ ያላችሁ ብዙውን ነገር ገልብጣችሁ ነው ማንበብ ያለባችሁ፣ እናንተ ፀሀዩን ትፈልጉታላችሁ።

ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፣ ዋናው እሱ ነው። አንደኛ ሙቀቱ እንዳይገባ መከልከል፣ ሁለተኛ የገባውን ማታ ማስወጣት፣ ሶስተኛ ቬንትሌተር ምናምን። ሰው ግን ከሶስተኛው ነው ሚጀምረው፣ ጣሪያው ላይ ማውጣት የነበረበትን ብር ኤሲ ላይ ያወጣና የመብራት ቢል ሲመጣለት ኤሲውን አጥፍቶ በረንዳ ላይ ፍራሽ ያነጥፋል።

1. ፀሀይዋ የት እንደምትውል እወቁ

ፀሀይ በደቡብ በኩል ነው ምትሄደው ሚባለው ነገር ለአውሮፓ ይሰራል፣ ለኛ ግን የአመቱን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሀይዋ በአመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ኮምቦልቻ ላይ ሚያዝያ 11 አካባቢና ነሀሴ 18 አካባቢ፣ ቆቦ ላይ ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል። በነዚህ ሁለት ቀኖች መሀል ቀን 6 ሰአት ላይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። ማለትም ሙቀቱ በሚበረታበት ግንቦትና ሰኔ ፀሀይ ሚያገኘው የሰሜን ግድግዳችሁ እንጂ የደቡቡ አይደለም። ከዛ በኋላ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ታህሳስ ላይ ቀትር ላይ ራሱ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ ምትለው፣ የታህሳስ ጠዋት ደግሞ ኮምቦልቻም ብትሆን ብርድ ስላለ ያኔ ትንሽ ፀሀይ ቢገባ ማንም አይጠላም።

ከዚህ ሚወጣው ነገር ቀላል ነው። አመቱን ሙሉ ብዙ ፀሀይ ሚቀበለው ጣሪያው ነው። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ፀሀይዋ ከፍ ብላ ስለምትመጣባቸው በክፈፍ (ከግድግዳው አልፎ በሚወጣው የጣሪያ ጫፍ) በቀላሉ ጥላ ይሰራላቸዋል። ምስራቅና ምእራብ ግን ፀሀይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው ምትገባው፣ ክፈፉን ሁለት ሜትር ብታረዝሙትም ከስሩ ሾልካ ትገባለች።

2. ቤቱን ማዞር

ይሄ ነፃ ነው፣ ግን መሰረት ከተቆፈረ በኋላ በምንም ብር አይገዛም። የቤቱ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይይ፣ አጭሩ ጎን ምስራቅና ምእራብ ይሁን። ምእራብ ጫፍ ላይ ሰው ማይቀመጥበትን ክፍል አስገቡ፦ መታጠቢያ ቤት፣ እቃ ቤት፣ ፎቅ ከሆነ ደረጃ። እነሱ ይሙቁ፣ ግድ የለም።

መጅሊስን (የእንግዳ መቀበያውን ክፍል) በተመለከተ ወሎዬ ሁሉ ሚሰራው ነገር አለ፣ መጅሊሱ ሰፊ ይሁን፣ መንገዱን ይይ ይባልና መንገዱ በምእራብ በኩል ከሆነ መጅሊሱም ምእራብ ላይ ይወድቃል፣ ሰው ደግሞ መጅሊስ ውስጥ ሚሰበሰበው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከ8 ሰአት እስከ 11፣ ልክ ፀሀይዋ በዛ በኩል ገብታ ምንጣፉ ላይ ምትተኛበት ሰአት። መጅሊሱን ወደ ሰሜን ወይ ወደ ምስራቅ አዙሩት፣ ምስራቁ ከሰአት ጥላ ነው። ቡናውም ወሬውም እዛው ይደምቃል።

ቦታው ጠባብ ሆኖ ፊቱ የግድ ወደ ምእራብ ከሆነስ? ብዙ ሰው 150 እና 200 ካሬ ላይ ስለሚሰራ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ያኔ ቤቱን ለማዞር አትታገሉ፣ በምእራብ በኩል ከሁለት ሜትር ያላነሰ በረንዳ አውጡ፣ የበረንዳውንም ፊት ከወገብ በላይ ያለውን በሆነ ነገር ሸፍኑት። በምን ሚለውን ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

3. ጣሪያ፣ ብሩ እዚህ ይውጣ

ሀርቡ ያለችው አክስቴ ቤት ባለ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ። ሚያዝያ ላይ 9 ሰአት አካባቢ አልጋው ላይ ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ጆንያው ብታስጠጉ ሳትነኩት ሙቀቱ መዳፋችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ግድግዳው ግን በዛው ሰአት ስትነኩት ቀዝቀዝ ያለ ነው። ደመና ሲያልፍ ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ እያለ ይኮማተራል። እሷ ረከቦቷን ይዛ ማንጎው ስር ነው ምትውለው። ግድግዳው ምንም አላጠፋም ማለት ነው፣ ሙሉ ችግሩ ከላይ ነው ሚመጣው፣ እንደዛም ሆኖ ሰው ቤቴ ሞቀ ሲል መጀመሪያ ሚነካካው መስኮቱን ነው።

ጣሪያ ላይ አራት ነገር አለ።

ቀለም። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ኢጋ ቆርቆሮ አሁን ፋሽን ነው፣ ግን ጠቆር ያለ ጣሪያ ከሚያርፍበት ፀሀይ ከ80 በመቶ በላዩን ይውጠዋል፣ በጠራራ ፀሀይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ነጭ የተቀባ አዲስ ጣሪያ 70 በመቶና ከዛ በላይ መልሶ ይተፋዋል። ያልተቀባ ብርማ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ሰው ቀዝቃዛ ይመስለዋል፣ ፀሀዩን ይመልሳል እውነት ነው፣ ግን የዋጠውን ሙቀት ወደ ሰማይ መልቀቅ ላይ ደካማ ስለሆነ እሱም ይግላል፣ ሲያረጅ ደግሞ ይባስ። ስለዚህ ነጭ ወይ ክሬም ግዙ። ብርማውን ገዝታችሁ ከሆነ ቀቡት፣ ግን አዲስ ቆርቆሮ ላዩ ቅባት ስላለው በኦሞ ታጥቦ ደርቆ ፕራይመር ካልተቀባ ቀለሙ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይላጣል። ኖራ ርካሽ ነው ብላችሁ ቆርቆሮ ላይ አትቀቡ፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዚንኩንም ይበላዋል። ኖራ ለግድግዳ ነው።

ክፍተት። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ያለው አየር መውጫ ካጣ ይታፈንና ሙቀቱን ቀስ እያለ ወደታች ይለቀዋል። በጣሪያው ሁለት ጫፍ ባለው ሶስት ማእዘን ላይ ከፍ አድርጋችሁ የንፋስ መውጫ ክፈቱ፣ ከክፈፉ ስር ደግሞ መግቢያ ይኑረው፣ ሞቃት አየር በራሱ ወደላይ ስለሚወጣ ታች ከገባ ላይ ይወጣል። ሁሉም ቀዳዳ ላይ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይመታበት፣ ካልሆነ አይጥና የሌሊት ወፍ ቀድመዋችሁ ይገባሉ።

ኮርኒስ። ጆንያም አቡጀዲም አቧራ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም። ችፑድ ወይ ጂፕሰም ይሻላል፣ ግን እሱም ላዩ ላይ የሆነ ነገር ሲኖር ነው። ፋይበር ግላስ ወይ ፎም ከተገኘ 5 ሴንቲ እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ፎሙ እሳት ቶሎ ስለሚይዝ የመብራት ገመዱ በቱቦ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። የሚያብረቀርቅ ፎይል ከሆነ በቆርቆሮው ስር ይወጠራል፣ ግን ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ አይሰራም፣ ሁለት ሶስት ሴንቲ አየር በመሀል ይፈልጋል፣ የሚያብረቀርቀውም ፊት አየሩን ይይ። ይሄ ሁሉ ካልተገኘ ጭድ በጭቃ ለውሶ ኮርኒስ ላይ መደልደል ይቻላል፣ ግን ከባድ ስለሆነ ሞራሌው ጠጋ ጠጋ ብሎ መመታት አለበት፣ ተራ ኮርኒስ ላይ ከጫናችሁት ይወርድባችኋል። ደረቅ ጭድ ብቻውን አትበትኑ፣ ለእሳትም ለአይጥም ነው።

ክፈፍ። ለሰሜንና ለደቡብ 80 ሴንቲ ይበቃል። እንዴት መጣ ካላችሁ፣ ታህሳስ ላይ የደቡብ መስኮትን ሙሉ ለሙሉ በቀትር ለመከለል ክፈፉ ከራሱ እስከ መስኮቱ ግርጌ ካለው ቁመት 70 በመቶ ያህል መውጣት አለበት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ወደ 1 ሜትር ማለት ነው፣ ግን ታህሳስ ላይ ትንሽ ፀሀይ ስለማይጠላ 80 ላይ መቆም ይቻላል። ለሰሜኑ በሰኔ ቀትር 35 ሴንቲ ይበቃ ነበር፣ ጠዋትና ከሰአት ጎን ለጎን ስለምትመጣ ግን እሱንም 80 አድርጉት። ለሀምሌና ለነሀሴ ዝናብም ግድግዳችሁን ያድናል። ክፈፍ ሲረዝም ንፋስ ስለሚያነሳው ሞራሌው ከግድግዳው አናት ቢም ጋር በብረት መታሰር አለበት፣ በሚስማር ብቻ አትመኑ።

4. ምእራብ

አንድ ካሬ ሜትር ተራ መስታወት በምእራብ በኩል ከሰአት ላይ ከ500 ዋት በላይ ሙቀት ያስገባል። ስድስት ካሬ የምእራብ መስታወት ያለው ሳሎን ማለት የኤሌክትሪክ ምጣድ መሀል ወለል ላይ አብርቶ እንደመተው ነው፣ ያ ምጣድ ደግሞ የሚጠፋው ፀሀይ ስትጠልቅ ብቻ ነው። መጋረጃ ከውስጥ ብትሰቅሉም ብዙም አይረዳም፣ ሙቀቱ አንዴ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ጥላው ከመስታወቱ ውጪ ነው መሆን ያለበት።

ውጪ ላይ ምን ይደረግ? በጣም ርካሹ ከግድግዳው 40 ወይ 50 ሴንቲ ራቅ አድርጎ እንጨት ተክሎ ሽቦ መወጠርና ፓሽን ፍሩት ወይ ወይን ማስወጣት ነው፣ ውሃ ካገኘ በአንድ አመት ውስጥ ግድግዳውን ይሸፍነዋል። ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ አታድርጉ፣ በመሀል ያለው አየር ነው ስራውን ሚሰራው። ሸንበቆ ጠልፎ ማቆምም ይቻላል፣ በረንዳ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ብሎኬት ያምራል፣ ንፋስ ያስገባል፣ ፀሀይ ይቆርጣል። የላሜራ መስኮትና በር ምእራብ ላይ ከሆነ ቢያንስ ነጭ ቀቡት፣ ጠቆር ያለ ላሜራ 10 ሰአት ላይ እጅ አያስነካም።

ሙሉ ፊቱን መስታወት ስላደረጉ ህንፃዎች ብዙ አልልም። የቢሮ ሰራተኞቹ መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፈው ሲሰሩ ያየ ያውቀዋል።

5. ግድግዳ

ቆላ ወሎ ቀን ይሞቃል ማታ ደግሞ ደህና ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ክረምት እስኪገባ ባለው ደረቅ ጊዜ። እንዲህ ባለ ቦታ ወፍራም ግድግዳ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ የሆነ የድንጋይ ወይ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ከ8 ሰአት በላይ ይፈጅበታል፣ እስከዛ ውጪው ቀዝቅዟል። ከከሚሴ በላይ ተራራው ላይ ያለችው የአርጎባዎቹ ሾንኬ የድንጋይ ቤቶቿን ሄዳችሁ እዩ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ቤቶቹም ተጠጋግተው አንዱ ላንዱ ጥላ ይሰጣል።

ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱን ጥቂት ሰአት ብቻ ነው ሚያዘገየው፣ ከሰአት ምእራብ ግድግዳው ላይ ያረፈው ፀሀይ ውስጥ ሚደርሰው ልክ ልትተኙ ስትሉ ነው። ስለዚህ ብሎኬት ከሆነ የግድ ጥላ ይኑረው፣ ነጭ ወይ ፈዘዝ ያለ ኳርትዝ ይቀባ። ሀይድሮፎርም ሚባለው የታመቀ አፈር ጡብ ድፍን ስለሆነ ከብሎኬት ይሻላል፣ አፈሩ ከሰፈሩ ከወጣ ሲሚንቶም ይቀንሳል።

አንድ ማስተዋል ያለባችሁ ነገር፣ ወፍራም ግድግዳ ቀን ለምትውሉበት ክፍል ነው ሚስማማው። መኝታ ቤት ማታ ቶሎ መቀዝቀዝ ስላለበት ቀለል ያለ ግድግዳና ብዙ ንፋስ ይሻለዋል፣ ወይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱ ክፍት ይደር።

ድንጋይና ጭቃ ስትሰሩ ሁለት ጥንቃቄ። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1961 ካራቆሬና ማጀቴ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፣ ስለዚህ ከባድ ግድግዳ ከላይም ከታችም ዙሪያውን ሚያስር ፌሮ ያለው አርማታ ቢም ሳይኖረው እንዳትገነቡ። ሁለተኛው ምስጥ ነው፣ የጭቃ ቤት ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ የድንጋይ መሰረት ላይ ይቁም።

6. መስኮትና ንፋስ

አንድ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ካለው ንፋስ አይገባም፣ ንፋስ ሚገባው መውጫ ሲኖረው ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት የተለያየ ጎን ይከፈት፣ ካልተቻለ በመኝታ ቤቱ በር አናት ላይ ቀዳዳ ተውለት። መግቢያው ዝቅ መውጫው ከፍ ይበል። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቦታው ላይ ረጅም እንጨት ትከሉና ፌስታል እሰሩበት፣ አመሻሽና ሌሊት ወዴት እንደሚሄድ እዩ፣ ጎረቤት ያሉ ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። የቀን ንፋስ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ምትፈልጉት የማታውን ነው።

ይሄ አካባቢ ወባ ያለበት ስለሆነ ወንፊት የሌለው መስኮት ማታ አይከፈትም፣ ካልተከፈተ ደግሞ እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ዋጋ የለውም። ወንፊት ንፋሱን ስለሚቀንሰው መስኮቱ ሰፋ ይበል። የብረት ፍርግርግም ይኑረው፣ ሰው መስኮቱን ሚዘጋው ሌባ ፈርቶ ነውና።

አጠቃቀሙ ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ ተገላብጧል። ጠዋት 3 ሰአት ገደማ መስኮትም መጋረጃም ዝጉ፣ ምሽት 12 ሰአት ውጪው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ክፈቱ። ቀን ሙሉ ከፍታችሁ ማታ ከዘጋችሁ የቀኑን ሙቀት አስገብታችሁ ቆለፋችሁበት ማለት ነው። ብቻ ዝናብ ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ቀን ላይም መክፈት ይሻላል።

7. ግቢ

ሙሉ ግቢውን ኮብልስቶን ወይ ሊሾ አታድርጉ፣ የመኪና መግቢያው ይበቃል፣ ቀሪው አፈርና ሳር ይሁን። በምእራብ በኩል ማንጎ ወይ ኒም ከቤቱ አምስት ሜትር ገደማ አርቃችሁ ትከሉ፣ እስኪያድጉ ፓፓያ በመሀል ይገባል። ባህርዛፍ ግቢ ውስጥ አይገባም፣ ውሃውን ይጨርሰዋል። ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ንፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ በማያመጣበት በኩል ይሁን።

8. መብራት

እስከዚህ የሰራችሁት ከተሳካ ሚቀራችሁ የኮርኒስ ቬንትሌተር ነው። ከ60 እስከ 75 ዋት ነው ሚበላው፣ አንድ መለስተኛ ኤሲ ከ1000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፣ ግን ሰውነት ላይ ሁለት ሶስት ዲግሪ የቀነሰ ያህል ይሰማችኋል፣ ስለዚህ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ማብራት ትርጉም የለውም። ክንፉ ከወለሉ ከ2 ሜትር ከ30 በታች እንዳይወርድ ኮርኒሱ ወደ 3 ሜትር ከፍ ይበል። ፍሪጅ ከምእራብ ግድግዳ ጋር አይጠጋ፣ ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍት ይተውለት። አምፖል ኤልኢዲ ይሁን፣ 9 ዋቱ የድሮውን የ60 ዋት ስራ ይሰራል፣ ቤቱንም አያሞቅም። ሶላር ከሰቀላችሁ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብላችሁ ከቆርቆሮው ከፍ አድርጉት፣ ፓነሉ ራሱ ሲሞቅ ሚያመነጨው ስለሚቀንስ ንፋስ ይለፍበት፣ ለጣሪያውም ጥላ ይሆነዋል።

ቤቱ ተሰርቶ ላለቀባችሁ

ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ የጣሪያው ጫፎች ላይ መውጫ ክፈቱ፣ የአንድ ቀን ስራ ነው። ቀጥሎ ጣሪያውን ነጭ ቀቡ፣ ለዚህ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ጊዜ ጥሩ ነው። ከዛ የምእራቡን ጥላ፣ ወንፊቱን፣ ብር ሲገኝ ኮርኒሱን። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ ስቀሉና 9 ሰአት ላይ በፊትና በኋላ አስተያዩት፣ ምን እንደሰራላችሁ በቁጥር ታውቃላችሁ።

አዲስ ምትሰሩ ደግሞ ከፎርማኑ ጋር ስትዋዋሉ የክፈፉን ልክ፣ የንፋስ መውጫውን ብዛትና ወንፊቱን በፅሁፍ አስገቡ፣ ፕላኑ ላይ ካልተሳለ አይሰራም። በተለይ የጣሪያ መውጫው ኮርኒስ ሲዘጋ ስለሚደበቅ ግንበኛው ይዘለዋል ወይ በልስን ይደፍነዋል። የኮርኒስ ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ቀን ላይ በመሰላል ወጥታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ እዩ፣ በሁለቱም ጫፍ ብርሀን ካልታያችሁ መጀመሪያ ያን ያስከፍት፣ ከዛ ክፈሉት።